የመንግሥት ገንዘብና የከሰል ጕድጓድ ሂሳብ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ጃንዋሪ 1 ቀን 1947 ማለዳ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ በሚገኙት ታላላቅ የከሰል ማዕድን ማውጫዎች ደጃፍ ላይ አንድ ዓይነት ሰሌዳ ቆሞ ታየ። ሰሌዳውም ማዕድኑ ከዚያች ዕለት ጀምሮ በሕዝቡ ስም በብሔራዊ የከሰል ቦርድ የሚተዳደር መሆኑን ይገልጽ ነበር። በየመንደሩ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ቆፋሪዎችም ከነቤተሰባቸው ወጥተው በዓሉን አከበሩ። 800 ያህል ኩባንያዎች ይዘዋቸው የነበሩት ከ950 በላይ ጕድጓዶችና ወደ 700,000 የሚጠጉ ሠራተኞች በአንድ ቀን በአንድ አሠሪ ሥር ሆኑ። ሆኖም ሰሌዳው ያልተናገረው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ይህን ሁሉ ለመግዛትና ለማደስ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ማን፣ ከየትኛው ገቢና እስከ መቼ እንደሚከፍል ነው። የዚህ ንግግር መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው። (በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመኖች፣ ለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ማስታወስ ይገባል።)

ስለ እንግሊዝ የከሰል ኢንዱስትሪ በተነሣ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው መንግሥት በአርባ ሰባት ዓመት ውስጥ ያፈሰሰበት ገንዘብ ብዛት ነው። መጠኑ በእርግጥ ከፍተኛ ነበር። ነገር ግን ታሪኩን ከሥሩ ለመረመረ ሰው የጕድጓዶቹን ዕድል ይበልጥ የወሰነው የገንዘቡ መጠን ሳይሆን መልኩ መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል። አንድ ሚሊዮን ፓውንድ በዕዳ መልክ ሲሰጥና ያው አንድ ሚሊዮን በዕርዳታ መልክ ሲሰጥ በመንግሥት ካዝና በኩል እኩል ሊመስል ይችላል፤ በጕድጓዱ መዝገብ ላይ ግን አንደኛው በየዓመቱ ወለድ እየወለደ ማዕድኑን ከሳሪ ሲያስብለው፣ ሁለተኛው ምልክት ሳይተው ያልፋል። መሐንዲስ ይህን ነገር የሂሳብ ሠራተኞች ጕዳይ ነው ብሎ የሚተወው ከሆነ፣ አንድ ቀን የራሱ ሥራ በማያውቀው ሂሳብ ሲዘጋ ይደርስበታል።

ቦርዱ የተረከበው ንብረት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተጎዳ ንብረት ነበር። ባለቤቶቹ ወደፊት ይወረስ ይሆናል ብለው በሚሠጉበት ማዕድን ላይ አዲስ ገንዘብ ለማውጣት አልደፈሩም፤ የገበያው መቀዝቀዝም አላስቻላቸውም። በሺህ የሚቈጠሩ ድንክ ፈረሶች ገና ከመሬት በታች ጋሪ ይጎትቱ ነበር። ከሰል በተፈጥሮው የምድሪቱ የጋራ ሀብት ነው የሚለው አስተሳሰብ ቀድሞ በ1938 በሕግ ሠርቶ፣ ከምድር በታች ያለው ከሰል ራሱ ከባለርስቶቹ በ66.45 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ወደ መንግሥት ተዛውሮ ነበር። ቀጥሎም በ1946 በወጣው አዋጅ መሠረት ለማዕድን ኩባንያዎቹ የሚከፈለው ካሳ በአንድ የዳኞች ጉባኤ ተገምቶ 164.66 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲሆን ተወሰነ። ለሌሎች ንብረቶች የሚከፈለው ከዚህ በላይ የሚታሰብ ነበር።

ይህ ካሳ የተከፈለበት መንገድ ለኋላው ችግር ሁሉ ዘር ሆነ። መንግሥት ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች ወለድ የሚያስገኝ የመንግሥት ሰነድ ሰጠ፤ ቦርዱ ደግሞ ያንኑ ያህል ገንዘብ ከነወለዱ ለመንግሥት ባለዕዳ ሆነ። ከዚያም በኋላ ለመሣሪያም ሆነ ለአዲስ ጕድጓድ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሁሉ በዚሁ መልክ፣ በብድር ተሰጠው። በአክሲዮን የተቋቋመ ኩባንያ መጥፎ ዓመት ሲገጥመው የትርፍ ድርሻ ሳይከፍል ያልፋል፤ ባለአክሲዮኖቹም ያጕረመርማሉ እንጂ ኩባንያው ባለዕዳ አይሆንም። ቦርዱ ግን አክሲዮን የሚባል ነገር ስላልነበረው ዓመቱ ጠገበም ተራበም ወለዱን መክፈል ነበረበት። አዋጁ በበኩሉ ቦርዱ መልካሙንና መጥፎውን ዓመት አማክሎ ገቢውን ከወጪው እንዳያሳንስ ያዝዝ ነበር። ያው አዋጅ ከሰሉን ለሕዝብ ጥቅም ይበልጥ በሚስማማ መጠን፣ ዓይነትና ዋጋ እንዲያቀርብም ያዝዘዋል። ሁለቱ ትእዛዛት በተጋጩ ጊዜ የትኛው እንደሚያሸንፍ አዋጁ አልተናገረም።

መልካሙ ዓመት በመጣ ጊዜም ቦርዱ እንዲጠቀምበት አልተፈቀደለትም። በ1947 ክረምት በበረዶና በከሰል እጥረት ፋብሪካዎች ቆሙ፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም በቀን ለሰዓታት ይቋረጥ ነበር። ከዚያ እስከ 1957 ድረስ በነበሩት ዓመታት አገሪቱ የከሰል ረኃብተኛ ነበረች፤ ማንኛውም ሻጭ በእንዲህ ያለ ዘመን ዋጋውን ከፍ አድርጎ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። ነገር ግን ቦርዱ ዋጋ ለመጨመር በሕግ ባይጻፍም በልማድ የሚኒስትሩን ይሁንታ ማግኘት ነበረበት፤ ሚኒስትሩም የኑሮ ውድነትን ስለሚፈራ ይሁንታውን በቸርነት አይሰጥም ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝ ከሰል ከውጭ ከሚመጣው ባነሰ ዋጋ ለብረት ፋብሪካው፣ ለባቡሩና ለኤሌክትሪክ ማመንጫው ተሸጠ። ከዚህም አልፎ የአገር ውስጥ ምርት ባልበቃ ጊዜ ከአሜሪካ የተገዛው ውድ ከሰል በአገር ውስጥ ዋጋ ሲከፋፈል፣ ኪሣራው በቦርዱ መዝገብ ላይ ተጻፈ። እንግዲህ በዚህ ዘመን ድጎማ ነበር፤ ድጎማው የሚሄደው ግን ከከሰሉ ወደ ተጠቃሚው ነበር። በኋላ ቦርዱ የመንግሥት ገንዘብ በላተኛ ተብሎ በተነቀፈ ጊዜ ይህን የሚያስታውሱ ብዙ አልነበሩም።

በ1950 ቦርዱ የመጀመሪያውን ታላቅ ዕቅድ አወጣ። በ15 ዓመት ውስጥ 635 ሚሊዮን ፓውንድ በሥራ ላይ ውሎ፣ ዓመታዊው ምርት ወደ 240 ሚሊዮን ቶን ከፍ እንዲል ታሰበ። እዚህ ላይ የማዕድን ምሕንድስና ከመንግሥት በጀት ጋር የማይስማማበት ጠባይ ይታያል። አንድ ጥልቅ መውረጃ ጕድጓድ ለመቆፈር፣ ውኃ ያዘለውን አፈር አቀዝቅዞ ወይም በሲሚንቶ ደፍኖ ለማለፍ፣ ከታች መተላለፊያ ዋሻዎችን ለመክፈትና ማንሻውን ለመትከል አሥር ዓመት ያህል ይወስዳል። በእነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ ወለዱ ይቈጠራል፤ ከሰሉ ግን ገና አልወጣም። ገንዘቡ በወጣበት ጊዜ የነበረው ገበያ ከሰሉ በሚወጣበት ጊዜ ላይኖር ይችላል። እንደተፈራውም ከ1957 በኋላ ርካሽ የነዳጅ ዘይት ከመካከለኛው ምሥራቅ ጐረፈ፤ ባቡሮችም በናፍጣ መሄድ ጀመሩ።

በስኮትላንድ ፋይፍ በተባለው ክፍለ ሀገር የተቆፈረው የሮትስ ማዕድን ለዚህ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። ዕቅዱ በቀን 5,000 ቶን እንዲያወጣ ነበር፤ ለሠራተኞቹ መኖሪያ ይሆን ዘንድ ግሌንሮትስ የምትባል አዲስ ከተማ ተቈረቈረችለት። በአካባቢው የነበሩ አሮጌ ቆፋሪዎች ከታች ብዙ ውኃ አለ ብለው ቢናገሩም የሰማቸው እንዳልነበረ እስከ ዛሬ ይወራል። በ1958 ንግሥቲቱ ራሳቸው ተገኝተው መረቁት። በ1962 በውኃው ብዛትና በድንጋዩ መሰባበር ምክንያት ተዘጋ። ከተማይቱ በሌላ ሥራ ቆመች፤ ሁለቱ የኮንክሪት ግንቦች ግን እስከ 1993 ድረስ ያለ ሥራ ተገትረው ቆዩ። በሮትስ ላይ የወጣው ገንዘብ እንደ ሌላው ሁሉ ብድር ስለነበረ፣ ማዕድኑ ከሞተ በኋላ ዕዳው በሕይወት ያሉት ጕድጓዶች ትከሻ ላይ ቀረ። ከኖቲንግሃም የሚወጣ አንድ ቶን ከሰል በፋይፍ የሰመጠውን ገንዘብ ወለድ ይከፍል ነበር ማለት ነው።

ሎርድ ሮቤንስ ቦርዱን በመሩባቸው ከ1961 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት የጕድጓዶቹ ቍጥር ከ698 ወደ 292፣ የሠራተኛውም ቍጥር ከ583,000 ወደ 283,000 ወረደ። በዚሁ ዘመን ከሰሉን ቈርጦ በአንድ ጊዜ የሚጭን መኪና ተስፋፍቶ፣ በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ከምርቱ ከ90 በመቶ በላይ የሚወጣው በእርሱ ነበር። የአንድ ሰው የቀን ምርት አደገ፤ የቦርዱ ዕዳ ግን ወደ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ ተጠግቶ ወለዱ የምርታማነቱን ፍሬ ይበላው ጀመር። ስለዚህ በ1965 በወጣ አዋጅ 415 ሚሊዮን ፓውንድ የሚሆነው ዕዳ ተሰረዘ። በ1973ም እንደዚሁ ሌላ የዕዳ ቅነሳ አዋጅ ወጣ። ዕዳ መሰረዝ አዲስ ገንዘብ መስጠት አይደለም፤ ቀድሞ የተሰጠው ገንዘብ ከመጀመሪያውም ብድር መሆን እንዳልነበረበት ዘግይቶ ማመን ነው። ዘግይቶ በመታመኑም ምክንያት ለዓመታት በወለድ ብቻ ከሳሪ የተባሉ ጕድጓዶች ከስረዛው በፊት ተዘግተው ነበር፤ አዋጁም እነርሱን አላስነሣቸውም።

ይህ ዓይነቱ ነገር ለኢትዮጵያ መሐንዲስ እንግዳ አይደለም። በ2013 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን የተቋቋመው የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ሊሸከሙት ያልቻሉትን ብድር ለመረከብ ነው። በኢሉባቦር በያዩ የድንጋይ ከሰል ላይ ተመሥርቶ ሊሠራ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካም ሳይጠናቀቅ መቆሙ ለአብዛኛው የማኅበሩ አባል የታወቀ ነው። ያልተጠናቀቀ ፋብሪካ እንደ ሮትስ ነው፤ ምርት ሳይሰጥ ወለዱ ይቈጠራል። ንጽጽሩን ከዚህ አርቆ መውሰድ ግን ተገቢ አይሆንም፤ የሁለቱ አገሮች ኢኮኖሚም ሆነ የከሰላቸው ስፋት አይወዳደርምና።

ወደ እንግሊዝ ስንመለስ፣ መንግሥት በቦርዱ መዝገብ ላይ የማይታይ ሌላ ድጋፍም ይሰጥ ነበር። በ1961 በማሞቂያና በፋብሪካ ዘይት ላይ በጋሎን ሁለት ፔኒ ቀረጥ ተጣለ፤ የውጭ ከሰል እንዳይገባም ፈቃድ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ከሚፈልጉት የበለጠ ከሰል እንዲያቃጥሉ በ1967 አዋጅ ልዩነቱ እንዲከፈላቸው ተደረገ፤ ከሥራ ለተቀነሱ ቆፋሪዎችም ገንዘብ ተመደበ። ይህ ሁሉ ጠቃሚ ነበር። ነገር ግን ከፋዩ አንዳንድ ጊዜ ግብር ከፋዩ፣ አንዳንድ ጊዜም የመብራት ተጠቃሚው ስለነበረ፣ ከሰል ለአገሪቱ በእርግጥ ስንት እንደሚያስወጣ በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ ሊያሳይ የሚችል ማንም አልነበረም።

በመዝገቡ ላይ ፈጽሞ ያልተጻፈም ወጪ ነበር። ከጕድጓዱ ከሰል ሲወጣ ከሰል ያልሆነ ድንጋይና ዝቃጭ አብሮ ይወጣል፤ ይህንንም አርቆ መውሰድና ውኃውን ማጥፋት ገንዘብ ይጠይቃል። በደቡብ ዌልስ አበርፋን በምትባለው መንደር ራስጌ ላይ ሰባት ክምሮች ነበሩ፤ ሰባተኛው የተከመረው በምንጭ ላይ ነበር። ኦክቶበር 21 ቀን 1966 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይህ ክምር ተንዶ ትምህርት ቤቱንና በአጠገቡ ያሉትን ቤቶች ዋጠ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ጕዳዩን የመረመረው ጉባኤ ጥፋቱ የቦርዱ መሆኑን በማያሻማ ቃል ወሰነ። ስለ ክምሮች አቀማመጥ የሚያዝ ደንብ አልነበረም፤ ምንጩ ግን በካርታ ላይ ይታይ ነበር፤ መንደርተኛውም ያውቀው ነበር።

ለማኅበሩ አባሎች በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቦርዱ በመጀመሪያ ለአንድ የሞተ ሕፃን 50 ፓውንድ ሊሰጥ አስቦ በኋላ 500 ፓውንድ አደረገው። የመንደሩ ሰዎች በራስጌያቸው የቀሩት ክምሮች እንዲነሡላቸው ሲለምኑ ወጪው የማን ነው የሚል ክርክር ተነሣ፤ ቦርዱም ሆነ መንግሥት ሙሉውን ለመሸከም አልፈቀዱም። በመጨረሻ ከመላው ዓለም ለሐዘንተኞቹ ከተዋጣው የዕርዳታ ገንዘብ 150,000 ፓውንድ ተወስዶ ለክምሩ ማንሻ ዋለ። የልጆቻቸውን ገዳይ ለማስነሣት ሐዘንተኞቹ ከፈሉ ማለት ነው። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። በ2007 የዌልስ መንግሥት የወለዱንና የዋጋ ንረቱን ያህል በማሰብ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ጨመረ። ለብድር ሲሆን አንድ ቀን የማይታለፈው ወለድ ለአበርፋን ሲሆን አርባ ዓመት ያህል ተረሳ። ገቢህን ከወጪህ አታሳንስ ተብሎ የታዘዘ ድርጅት ወጪን ከመዝገቡ የሚያወጣው በመጀመሪያ ድምፅ ከሌለው ሰው ላይ በማሳለፍ ነው፤ ይህን ለማየት ክፉ ሰው መፈለግ አያስፈልግም።

የ1972 እና የ1974 የሥራ ማቆም አድማዎች፣ በተለይም በ1973 መጨረሻ የዘይት ዋጋ መናር፣ ከሰልን መልሶ ተፈላጊ አደረገው። በ1974 መንግሥት፣ ቦርዱና የሠራተኛ ማኅበራቱ በአንድነት ተቀምጠው አዲስ ዕቅድ አጸደቁ፤ 42 ሚሊዮን ቶን አዲስ የማምረት ኃይል ሊፈጠር፣ ለዚህም 1.4 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሊወጣ ተስማሙ። የዕቅዱ ዘውድ በዮርክሺር የተሠራው የሴልቢ ማዕድን ነበር። በዓመት 10 ሚሊዮን ቶን እንዲያወጣ ታስቦ በ1976 ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ከሰል የወጣው በ1983 ነው። ዳሩ ግን ገንዘቡ እንደገና በአብዛኛው ብድር ነበር፤ በዚያም ዘመን የወለዱ መጠን ከቀድሞው እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። የ1950ው ስሕተት በበለጠ ወለድ ተደገመ።

በ1979 የመጣው መንግሥት በ1980 ባወጣው አዋጅ ቦርዱ በ1983/84 የበጀት ዓመት ከድጎማ ወጥቶ ራሱን እንዲችል አዘዘ። የተሰጠው ጊዜ የአንድ ጕድጓድ ግማሽ ዕድሜ ቍፋሮ እንኳ አይሞላም። ኢንዱስትሪው በዚያው ጊዜ የፍላጎት መቀነስ ገጥሞት ስለነበር በፌብሩዋሪ 1981 የመዝጋት ዕቅድ ሲሰማ ቆፋሪዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም አፈገፈገ፤ ድጎማው በ1982 አዋጅ እንደገና ከፍ አለ። ራሱን ይችልበታል በተባለበት በ1983/84 ዓመት ቦርዱ የተቀበለው የኪሣራ መሸፈኛ 875 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

በማርች 1984 አንድ ዓመት የፈጀው ታላቁ አድማ የተነሣው በዮርክሺር የሚገኘው የኮርተንውድ ማዕድን ይዘጋል በመባሉ፣ ወዲያውም 20 ያህል ጕድጓዶችና 20,000 የሥራ ቦታዎች እንደሚሄዱ በመገለጹ ነው። የአድማው ፖለቲካ ብዙ ተጽፎበታል፤ ለመሐንዲስ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው በአድማው መካከል የተነሣው የሂሳብ ክርክር ነው። ቦርዱ አንዱን ጕድጓድ አትራፊ፣ ሌላውን ከሳሪ የሚለው ኤፍ 23 በተባለ ቅጽ መሠረት ነበር። በጃንዋሪ 1985 ጥቂት የዩኒቨርሲቲ የሂሳብ መምህራን በአንድ የሙያ መጽሔት ላይ ይህን ቅጽ ተንትነው አወጡ። በአንድ ጕድጓድ ላይ የሚጻፈው ወጪ ውስጥ ከብዙ ዓመት በፊት በወጣ ከሰል ምክንያት ለሰመጠ መሬትና ለተሰነጠቀ ቤት የሚከፈል ካሳ አለበት፤ ቀደም ብለው ጡረታ ለወጡ ሰዎች የሚከፈል አለበት፤ የዋናው መሥሪያ ቤትና የአካባቢው ጽሕፈት ቤት ወጪ ድርሻም አለበት። ጕድጓዱ ነገ ቢዘጋ ከእነዚህ ወጪዎች አንዱም አይቀርም። መሬቱ መስመጡን አያቆምም፤ ጡረተኛውም መብላቱን አይተውም። እንግዲያው ከሳሪ የተባለው ጕድጓድ ሲዘጋ የእርሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ይከፋፈልና ትናንት ለጥቂት ያተርፍ የነበረው ዛሬ ከሳሪ ይሆናል።

የኦክስፎርዱ የኢኮኖሚ ምሁር አንድሩ ግሊን ደግሞ በ1984 ለቆፋሪዎቹ ማኅበር ባዘጋጀው ጽሑፍ ጥያቄውን ከጕድጓዱ አጥር ውጭ አወጣው። ሌላ ሥራ በሌለበት ሸለቆ ማዕድን ሲዘጋ መንግሥት ለሥራ አጡ ይከፍላል፤ ይሰበስበው የነበረውንም ግብር ያጣል። እንዲህ ሲታይ ለመዝጊያው የሚወጣው ከድጎማው ሊበልጥ ይችላል።

በሌላ በኩል ይህ ክርክር ሁሉንም ጕድጓድ አያድንም። ለእያንዳንዱ ጕድጓድ ሊቀር የሚችለው ወጪ ብቻ ቢታሰብ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ የምርምር ጣቢያውና የማዳን ቡድኑ ከፋይ ያጣሉ። የምድሪቱ ጠባይም አይካድም፤ በአንዱ ቦታ ከሰሉ ወፍራምና የተዘረጋ ሲሆን በሌላው ስስ፣ የተሰባበረና ከመውረጃው ብዙ ኪሎሜትር የራቀ ነው። በጥሩው ጕድጓድ ትርፍ ደካማውን መደገፍ እንደ ዕድር ነው፤ ነገር ግን ዕድርም ቢሆን ከሚከፍሉት የሚቀበሉት ሲበዙ ይፈርሳል። ጥፋቱ ጕድጓድ መዘጋቱ አይደለም፤ ጕድጓድ ሁልጊዜም ከሰሉ ሲያልቅ ይዘጋል። ጥፋቱ ለዓመታዊ ቍጥጥር የተዘጋጀ ቅጽ ሊመለስ ለማይችል ውሳኔ መዋሉ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዛሬ ቢቆም ከሁለት ዓመት በኋላ አቧራው ተጠርጎ ይነሣል። የከሰል ጕድጓድ ግን ፓምፑና አየር ማናፈሻው ሲቆም ውኃው ይወጣል፤ ጣራው ይወርዳል፤ ከታች የቀረው ከሰልም በአዲስ መውረጃ ካልሆነ በቀር ለዘለዓለም የማይደረስበት ይሆናል።

አድማው በማርች 1985 ያለ ስምምነት አበቃ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ገንዘብ በብዛት የዋለው ለመዝጊያ ነው፤ ለሚለቅ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ይሰጥ ነበር። ለማቆየት አይገኝም የተባለው ገንዘብ ለማሰናበት ሳይቸግር ተገኘ። ቦርዱ በ1987 ስሙን ለወጠ፤ በኦክቶበር 1992 ከቀሩት 50 ማዕድኖች 31ዱ እንዲዘጉ ታወጀ፤ በ1994 የተረፈው ለግል ባለሀብቶች ተሸጠ። በደቡብ ዌልስ የሚገኘው የታወር ማዕድን በዚያው ዓመት አያዋጣም ተብሎ ተዘግቶ ነበር። 239 ቆፋሪዎች ከመሰናበቻቸው ላይ እያንዳንዳቸው 8,000 ፓውንድ አዋጥተው ገዙት፤ በጃንዋሪ 1995 ከፍተውም ከሰሉ እስኪያልቅ፣ እስከ 2008 ድረስ ሠሩበት። ድንጋዩ፣ መኪናውና ሰዎቹ ያው ነበሩ፤ የተለወጠው በመዝገቡ ላይ የተሸከሙት የቀድሞ ዕዳና ድርሻ ብቻ ነው ለማለት ያስደፍራል።

የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ማዕድን ኬሊንግሊ በዲሴምበር 2015 ተዘጋ፤ በከሰል የሚሠራው የመጨረሻ የኤሌክትሪክ ማመንጫም በሴፕቴምበር 2024 ቆመ። የመንግሥት ወጪ ግን አብሮ አልቆመም። በ1990ዎቹ ፍርድ ቤቶች ለቆፋሪዎች በፈረዱት መሠረት በአቧራ ለታመመ ሳንባና በሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ለተጎዳ እጅ ከ4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ካሳ ተከፈለ። ይህ ከሰሉ ሲወጣ ሊከፈል ይገባው የነበረ የምርት ወጪ ነው፤ በ1950ዎቹ ዋጋ ውስጥ ቢጨመር ኖሮ ከሰሉ ርካሽ ባልተባለም ነበር። በአንጻሩ መንግሥት በ1994 ለቆፋሪዎቹ የጡረታ ገንዘብ ዋስ ሲሆን ከሚገኘው ትርፍ ግማሹን ለራሱ እንዲወስድ ተስማማ። ዋስትናው ምንም ሳያስወጣው ከ4 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ወሰደ። በ2021 የምክር ቤቱ ኮሚቴ ይህ ትክክል አለመሆኑን ገለጸ፤ በኦክቶበር 2024 መንግሥት በመጠባበቂያነት ይዞት የነበረውን 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ለጡረተኞቹ እንዲለቅ ወሰነና የጡረታ አበላቸው በ32 በመቶ ከፍ አለ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ሞተዋል።

ውኃውም አለ። በተተወ ጕድጓድ የሚጠራቀመው ውኃ ብረት ያዘለ ነው፤ ወደ ወንዝ ሲወጣ ድንጋዩን ሁሉ ቢጫ ያለብሰዋል፤ ዓሣውንም ያጠፋል። ጀርመኖች የመጨረሻውን ጥልቅ ማዕድናቸውን በዲሴምበር 2018 ከመዝጋታቸው በፊት፣ በ2007 አንድ የበጎ አድራጎት ተቋም አቋቁመው የቀድሞውን ኩባንያ የኬሚካል ድርጅት አክሲዮን ሰጡት፤ ከዚያ በሚገኘው ገቢ በሩር ፓምፖቹ ሳያቋርጡ እንዲሠሩ ተደረገ። ወጪውን ዘለዓለማዊ ወጪ ብለው ይጠሩታል፤ ስሙም ትክክል ነው። በእንግሊዝ ለዚህ የተለየ ሀብት አልተቀመጠም። ውኃውን የሚያጠራው መሥሪያ ቤት፣ እስከ 2024 የከሰል ባለሥልጣን ይባል የነበረው፣ በየዓመቱ ከመንግሥት በጀት ይጠይቃል።

ከዚህ ውኃ ጥቅም የማግኘት ሙከራም ተጀምሯል። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በጌትስሄድ ከተማ ከአሮጌ የከሰል ጕድጓዶች የሚሳበው ለብ ያለ ውኃ ከ2023 ጀምሮ መኖሪያ ቤቶችንና ሕንፃዎችን ያሞቃል። የመሠረት ወጪው ከፊሉ የተሸፈነው በመንግሥት ነው፤ በዚህኛው ጊዜ በዕርዳታ መልክ።